የኩሽናው በር ስንጥቅ

ትልቁ ልጅ ሲናገር እንዲህ ነው፦ ስንጥቁ የተወለደው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ላይ፣ በክፍቱ የከሰል ጉድጓድ፣ ሳይረኑ ጮኸ፤ ድማሚቱ ፈነዳ፤ መሬቱ እንደ በረገገ በቅሎ ዘለለ፤ ከኩሽናው በር በላይ ያለው ልስንም ቀጭ አለና ለሁለት ተከፈለ። እሱ ራሱ እዚያው ቁጭ ብሎ ሻይ እየጠጣ ነበር። ፍርፋሪው ብርጭቆው ውስጥ ገብቷል። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ያስፈልጋል?

ታናሹ ሲናገር ደግሞ እንዲህ ነው፦ ስንጥቁ ሐሙስ አልተወለደም፤ ሐሙስ የታየው ጎርምሶ ነው። ታቾቹ፣ የዋሻው ሠራተኞች፣ ከሰሉን ከምድር ሆድ እየላጩ፣ ባዶውን ከኋላቸው እየተዉ ወደዚህ ሲመጡ ቤቱ ከሥሩ መሳብ ከጀመረ ቆይቷል። በሩ ከመቃኑ ጋር መታገል የጀመረው ያኔ ነው፤ እሱ ራሱ በትከሻው እየገፋ ሲከፍተው ከርሟል። ድማሚቱ ያደረገው ነገር ቢኖር የተሸሸገውን መግለጥ ብቻ ነው። የሻዩን ጉዳይ በተመለከተ፣ ወንድሙ እናቱ ቤት ሻይ ማብዛቱን ቢተው ፍርፋሪ አይገባበትም ነበር።

እናትየዋ ታሪክ የላትም፤ ያላት የማይዘጋ በር ነው። ሁለቱም ከየፈረቃቸው ሲወጡ እየመጡ ፍረጅ ይሏታል፤ በሩን ግን አንዳቸውም መላጊያ ይዘው ጠርዙን አልነኩትም። ለምን ቢባል፣ በሩን ያስተካከለ ሰው ጥፋቱ የኔ ነው ብሎ ያመነ ይመስላላ! ስለዚህ በሩ ክፍቱን ያድራል፤ እሷም የስፌት ወንበሯን አስደግፋበት ትተኛለች።

ልብስ ሰፊ ናት። በሰፈሩ "እማማ ቱታ" የሚሏት ለሁለቱም ወገን ቱታ ስለምትሰፋ ነው። ለታቾቹ ጉልበቱን በድርብ ጨርቅ ትሰፋለች፤ መንበርከክ ይበዛባቸዋል። ለላዮቹ አንገቱን ጠበቅ ታደርገዋለች፤ አቧራው በኮሌታ ገብቶ በቁርጭምጭሚት ነው የሚወጣው። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ደግሞ የልጆች ነጭ ሸሚዝ ይደረብባታል። ቤቷ ሁለት ክፍልና ኩሽና ነው፤ የስፌት መኪናዋ የምትቆመው ከመስኮቱ ሥር፣ ብርሃኑ በግራ በኩል በሚገባበት ቦታ ነው። ሌላ ቦታ መስፋት አትችልም ማለት አይደለም፤ ግን እጇ እዚያ ነው የለመደው።

ከሰሉ እንደሆነ አንድ ነው። ከኮረብታው ወዲያ ማዶ ለመሬቱ ፊት ቅርብ ስለሆነ በላዩ ያለውን አፈርና ድንጋይ ገፎ ማውጣት ይቀላል። ወደዚህ ሲመጣ ግን ፍራሽ ሥር እንደ ገባ የአልጋ ልብስ ጠርዝ ወደ ታች ይሰምጣል፤ እሱን ለማግኘት ዋሻ ገብቶ መሄድ ግድ ነው። ያው አንዱ ጥቁር ንጣፍ ወዲያ ክፍት ጉድጓድ አቆመ፣ ወዲህ የምድር ውስጥ ዋሻ አቆመ፤ በመሀል ደግሞ ከሁለቱም እኩል የሚደርሰው የእናትየዋ ቤት ተገኘ።

ባሏ በሕይወት ሳለ የታች ሠራተኛ ነበር። ትልቁ ልጅ እሱን ተከትሎ ወረደ፤ ስሙም ፍልፈል ተባለ። ታናሹ "እኔ ፀሐይ እያየሁ ነው እንጀራዬን የምበላው" ብሎ ላይ ገባ፤ እሱም አቧራ ተባለ። ፍልፈል ይህን ምርጫ እንደ ክህደት ቆጥሮት እስከ ዛሬ አልተወለትም። አቧራም እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቀበትም፤ የሚጠየቅበትም አይመስለውም። እናትየዋ አንዳንዴ ከመኪናዋ ጋር ታወራለች፦ "ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል አሉኝ። ተከልኩ። ባላዎቹ እርስ በርስ ይደባደባሉ ያለኝ ግን የለም።"

እሑድ ዕለት ሁለቱም አንድ ላይ መጡባት።

"እማዬ፣ እስቲ ዓይንሽ ይፍረድ" አለ አቧራ፤ ጠረጴዛው ላይ ተጣጥፎ የተከመረውን ጨርቅ ወደ ራሱ ሳበ።

"ተው! የሰው ነው!"

"አልበላውም። ይኸውልሽ፣ ከላይ ያለው ነጩ አፈር ነው። ግራጫዎቹ ድንጋይ። ጥቁሩ ከሰል። ከሱ በታች ያለው ሌላ ድንጋይ፣ እሱ አያገባንም። ቤትሽ ደግሞ ይኸ ነው።" የክር ማጠንጠኛ አንሥቶ ክምሩ ላይ አቆመ። "አሁን ጋሼና ጓደኞቹ መጡልሽ።"

ጥቁሩን ጨርቅ በአንድ በኩል ጨብጦ ቀስ እያለ ከመሀል ጎተተው። ከላይ ያሉት ጨርቆች ባዶውን እየተከተሉ ሰመጡ፤ በነጩ ላይ አንድ እጥፋት ተነሥቶ እንደ ውሃ ሞገድ ተጓዘ። ማጠንጠኛው ጋ ሲደርስ ማጠንጠኛው መጀመሪያ ወደ ኋላ ዘመም፣ ቀጥሎ ወደ ፊት ዘመም አለ፤ ከዚያ ተጋደመ።

"አየሽ? ስንጥቁ ይኸ ነው።"

"እኛ ጨርቅ አንጎትትም!" አለ ፍልፈል፤ ጆሮው ቀልቷል። "ሥራውን ሳታውቅ አታውራ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! እማዬ፣ እኔ ልንገርሽ። ረጅሙ ግድግዳ የምንለው የከሰል ግድግዳ ነው፤ ከዳር እስከ ዳሩ ሦስት የኳስ ሜዳ ይሆናል። ቆራጩ ማሽን ከጫፍ ጫፍ እየተመላለሰ ይላጨዋል። የተላጨው ሰንሰለቱ ላይ ወድቆ ይሄዳል። እኛ በብረት ድጋፎች ሥር ነን፤ አንዱ ካንዱ ጎን ተደርድረው ጣሪያውን ተሸክመውልናል። ማሽኑ ሲያልፍ ድጋፉ ዝቅ ይላል፣ ወደ ፊት ይራመዳል፣ እንደገና ቀና ብሎ ይሸከማል። ሰው ነው የሚመስልሽ።"

"ከኋላውስ?" አለች እናትየዋ።

"ከኋላው… ይወድቃል።"

"ምኑ?"

"ጣሪያው ነዋ።"

"እያወቃችሁ?"

"እማዬ፣ መውደቅ አለበት! የሚገድለው እኮ አልወድቅም ብሎ የተንጠለጠለው ነው። ተንጠልጥሎ ተንጠልጥሎ አንድ ላይ ሲወርድ ነፋሱ ብቻውን ሰው ከመሬት ያነሣል። ከኋላችን ሲንኮታኮት ስንሰማ እፎይ ነው የምንለው።"

"አባታችሁ እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም።"

"በአባቴ ጊዜ ከሰሉን እንደ ምሰሶ እያደረጉ ይተዉት ነበር። ከሚያወጡት የሚተዉት ይበዛል። አሁን ምሰሶ የለም፤ ሁሉም ይወጣል።"

"እናንተ ታች እፎይ ስትሉ እላይ የኔ በር መቃኑን ይነክሳል ማለት ነው።"

አቧራ ሳቀ። ባይስቅ ይሻል ነበር።

"የኛ ግን እንዲህ ነው፣ እማዬ" ብሎ ሌላ ክምር ሳበ። "ነጩን ቀስ ብለን ገፈን ለብቻው እናስቀምጠዋለን፤ ለም አፈር ነው። ግራጫውን እንበሳለን፣ በድማሚት እንፈታዋለን፣ ኤክስካቫተሩ እየዛቀ ገልባጭ ላይ ይጭነዋል። ጥቁሩን እንወስዳለን። ከዚያ ግራጫውን ወደ ጉድጓዱ መልሰን፣ ነጩን እንደ ብርድ ልብስ አልብሰን፣ ሣር እንዘራበታለን። ያነሣነውን እንመልሳለን። እንደ አንዳንዶቹ ባዶ ትተን አንሄድም።"

"አንድ ነገር ረሳህ" አለ ፍልፈል።

"ምን?"

ፍልፈል ጡጫውን አንሥቶ ጠረጴዛውን መታው። ማጠንጠኛው ዘሎ ወለሉ ላይ ተንከባለለ፤ የስፒል ቆርቆሮው ተገለበጠ፤ መቀሱ ለጥቂት የአቧራን እግር ሳተ።

"ይኼን።"

እናትየዋ ከወንበሯ ተነሣች። ስፒሎቹ በወለሉ ስንጥቆች ውስጥ እየገቡ ነበር፤ ለካ ወለሉም ተሰንጥቋል፤ ይህን ደግሞ አላየችም ነበር።

"ስፒሉን ልቀሙ" አለች። "ጨርቁን እንደ ነበረ እጠፉ። ከዚያ ውጡልኝ። የምድር ውስጥና የምድር ላይ ትምህርት ቤት አልከፈትኩም።"

ለቀሙ። ግን ስፒል ሲለቅሙ እንኳ እያንዳንዱ በራሱ በኩል ያለውን ብቻ ነው የለቀመው።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። ፍልፈል ታናሹ ፈረቃ በገባበት ቀን ጠብቆ ጠርብ እንጨት ጭኖ መጣና በሚያውቀው መንገድ ቤቱን መደገፍ ጀመረ። ኩሽናው ውስጥ፣ መተላለፊያው ላይ፣ በስፌት ክፍሉ መሀል ለመሀል እንጨት አቆመ፤ ከኮርኒሱ ጋር ያለውን ክፍተት በሽብልቅ እየሞላ በመዶሻ አጠበቀው። እናትየዋ "ልጄ፣ ቤት እኮ ነው" ብትለው "ጣሪያ ጣሪያ ነው" አላት። እንጨቱን በጣቱ እያንኳኳ ድምፁን ያዳምጣል፤ ደስ ሲለው ራሱን ይነቀንቃል። ሲጨርስ ቤቱ ዋሻ መሰለ። ከመኪናዋ ተነሥታ ወደ ኩሽና ለመሄድ በጎን መሹለክ ነበረባት።

አቧራ ይህን ባየ በማግሥቱ ዶማና አካፋ ይዞ መጣ። እሱም በሚያውቀው መንገድ አሰበ፤ በክፍቱ ጉድጓድ ሊተዉት የሚፈልጉትን ግድግዳ ፍንዳታው እንዳይጎዳው ቀድመው በተርታ በተበሱ ቀዳዳዎች መስመር ይለዩታል። ስለዚህ ንዝረቱ ቤቱ ጋ ሳይደርስ እንዲቆረጥ ብሎ በኮረብታው በኩል ከግድግዳው ሥር ሥሩን ወገብ የሚደርስ ቦይ ቆፈረ። አፈሩን በሥርዓት በሥርዓት ከመረ፤ ለሙን ለብቻ፣ ድንጋዩን ለብቻ። በሩ ፊት አንድ ሳንቃ ጣለላት።

"በሳንቃ ልግባ እንዴ ቤቴ?" አለችው።

"ጊዜያዊ ነው፣ እማዬ።"

"ዝናብ ሲመጣስ?"

"በሳንቃው ላይ ቀስ ብለሽ ትራመጃለሽ።"

ዝናብ መጣ። ቦዩ ሞላ። ቱታ ሊወስድ የመጣ አንድ ወፍራም የገልባጭ ነጂ ሳንቃውን በጭንቅ ተሻግሮ ከገባ በኋላ በሁለት እንጨቶች መሀል ተቀረቀረ፤ ወደ ፊት ገፍታ አወጣችው። "እማማ ቱታ፣ ለመግባት ዋናተኛ፣ ለመውጣት ፍልፈል መሆን አለብኝ እንዴ?" አላት። ሳቀች፤ ግን ሰውየው ከሄደ በኋላ ሳቁ ፊቷ ላይ ቆመና ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። ሌላው ደንበኛዋ ልብሱን በመስኮት እንድታቀብለው ጠየቀ። ሦስተኛው ጭራሽ አልመጣም።

ያው ዝናብ ክፍቱን ጉድጓድም አጥለቀለቀው። ፓምፑ ውሃውን እስኪጨርስ ላይ ፍንዳታ ቀረ፤ አንድም ሳይረን አልተሰማም። ስንጥቁ ግን አላረፈም። ከበሩ ተነሥቶ ወደ ጣሪያው ወጣ፤ ልብስ በምታሰምርበት ጠመኔ ጫፉ ላይ ምልክት ብታደርግ በሚቀጥለው ሳምንት ምልክቱን አልፎ ሄደ። አቧራ ይህን ሲያይ ሁለት እጁን አጨበጨበ።

"አላልኩም? አላልኩም? ድማሚት የለም፤ ስንጥቁ ግን አለ! አሁን ጋሼ ምን ይል ይሆን? የሰፈሩን የኳስ ሜዳስ እኛ ነን ያሰመጥነው? ኳሷ ሳትነካ እየተንከባለለች ማዕዘን የምትገባው በኛ ነው? ወደ ቁልቁለቱ የሚያጠቃ ሁሉ ሲያሸንፍ አላይም እንዴ!"

ቀጥሎ ደግሞ ታች ሰንሰለቱ ተበጠሰ። መለዋወጫው እስኪመጣ ረጅሙ ግድግዳ ቆመ፤ ማሽኑ ቆመ፤ ድጋፎቹ ባሉበት ቆሙ። በዚያው ሰሞን ላይ ጉድጓዱ ደርቆ ስለነበር የተጠራቀመውን ሥራ ለማካካስ ትልቅ ፍንዳታ አደረጉ። የስፌት ክፍሉ መስኮት መስታወት ከዳር እስከ ዳር ተተረተረ፤ አንድ ትሪ የሚያህል ልስን ከግድግዳው ተገንጥሎ ተሰፍቶ ባለቀ ነጭ ሸሚዝ ክምር ላይ ወደቀ። ፍልፈል ደረሰ። ፍርስራሹን ሲያይ ፊቱ በራ።

"እሰይ!" አለ። "እሰይ! ግድግዳችን ቆሟል፤ አንድ ጋት አልተራመድንም። አሁንስ በማን ያሳብብ? እማዬ፣ አየሽልኝ አይደል?"

እናትየዋ ሸሚዞቹን አንድ በአንድ እያራገፈች ነበር። ቀና ብላ አየችው።

"ደስ አለህ" አለችው።

"ምን?"

"ደስ አለህ። ያን ሰሞን ወንድምህም ደስ ብሎት አጨብጭቦ ነበር። ቤቴ በፈረሰ ቁጥር ከእናንተ አንዳችሁ እሰይ ይላል። ተራ ነው የገባችሁት? ዛሬ እሱ፣ ነገ አንተ?"

ፍልፈል መጥረጊያውን ለማንሣት ጎንበስ ሲል በራሱ እንጨት ግንባሩን ተመታ። አላዘነችለትም።

በሚቀጥለው ቀን ራሷ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ቦቲ ተጫማችና ወደ ማዕድኑ ቢሮ ሄደች። አንድ ቢሮ አልነበረም፤ ሁለት ነበር። የታቹ ቢሮ "ይኼ የፍንዳታ ጉዳይ ስለሆነ ወደ ላይ ይሂዱ" አላት። የላዩ ቢሮ "ይኼ የመስመጥ ጉዳይ ነው፣ ታች ይጠይቁ" አላት። ሁለቱም በትሕትና ነው የመለሷት፤ ሁለቱም ወንበር ሰጥተዋታል። ከሁለተኛው ወንበር አልነሣም አለች። "እኔ ልጆቼ ጋ ያለሁ መሰለኝ" አለቻቸው፤ "እዚያም እንዲህ ነው የሚሉኝ። የሚለካ ሰው እስክትልኩልኝ ከዚህ አልነቃነቅም።" ላኩላት።

የመጣችው ቀያሽ ወጣት ናት፤ ባለ ሦስት እግር መሣሪያ ተሸክማ ሳንቃውን ተሻገረች፣ በእንጨቶቹ መሀል ተሹለከለከች፣ አንድም ቃል ሳትናገር ግድግዳዎቹን፣ ወለሉን፣ ቦዩን ለካች። እናትየዋ ሁለቱን ልጆቿንም አስጠርታ ነበር። አንዱ በኩሽናው በር፣ አንዱ በመስኮቱ በኩል ቆመው ልጅቷን እንደ ዳኛ ያይዋታል።

"እማማ፣ ሳልሸፋፍን ልንገርዎት?" አለች ቀያሿ።

"የኔ ልጅ፣ የሚሸፋፍኑልኝ ሁለት አሉኝ። ንገሪኝ።"

"ረጅሙ ግድግዳ ገና ወደ ቤትዎ እየመጣ ነው። ሰንሰለቱ ተጠግኗል፤ በቅርቡ ከሥርዎ ያልፋል። ሲቀርብ መሬቱ ይለጠጣል፤ እስካሁን ያዩት እሱን ነው። ሲያልፍ ይወርዳል። ከዚያ ይጨመቃል። መጨረሻ ላይ ያርፍና ዝም ይላል። ካረፈ በኋላ ቤትዎ ይጠገናል፤ መዳን የሚችል ቤት ነው። አሁን ቢጠግኑት ግን ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው።"

"ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?" አሉ ወንድማማቾቹ። በአንድ ድምፅ ስለተናገሩ ሁለቱም ደነገጡ።

"የሚለጥጠው የታቹ ነው። የተለጠጠውን የሚያራግፈው የላዩ ነው። እኔ ግን የምለካው መሬት ነው፤ ወንድማማች የሚለካበት መሣሪያ አልሰጡኝም።"

እናትየዋ ከስንት ጊዜ በኋላ ከልቧ ሳቀች።

"ይኼን እንጨት ያቆመው ማነው?" ጠየቀች ቀያሿ።

"እኔ ነኝ" አለ ፍልፈል፤ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

"መነቀል አለበት። ግድግዳዎቹ ሲወርዱ ጣሪያውን ይዘው ነው የሚወርዱት፤ እንጨቱ ግን መሀል ላይ ተገትሮ ይቀራል። ታች ያሉት የብረት ድጋፎች እኮ ሸክም ሲበዛባቸው ዝቅ ይላሉ። ይኼ ዝቅ አይልም፤ ይበሳል።"

አቧራ ፈገግ አለ።

"ቦዩስ?" አለች። "አንተ ነህ?"

"አዎ።"

"ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ መሬቱ ሲጨመቅ ቦይ ይረዳል።" አሁን ፍልፈል ፊቱን አዞረ። "ግን ከቤቱ ራቅ ብሎ፣ በልል ነገር ተሞልቶ ነው። አንተ መሠረቱን ገልጠህ ውሃ አጠጣኸው። ይሞላና ሌላ ይቆፈራል።" ወደ እናትየዋ ዞረች። "እርስዎ ደግሞ ረጅሙ ግድግዳ እስኪያልፍ መውጣት አለብዎ። ውሃ ታንከሩ አጠገብ ለዚህ ተብሎ የተሠራ ተገጣጣሚ ቤት አለ።"

"ለምን ተብሎ!" አለ ፍልፈል። "እናቴ ልጅ እንደሌላት ቆርቆሮ ቤት? እኔ ቤት ትመጣለች። እኛ ሰፈር ግድግዳው ድሮ አልፏል፤ መሬቱ አርፏል።"

"አርፏል፤ ግን ተጋድሞ ነው ያረፈው" አለ አቧራ። "ያንተ ቤት ሾርባ እንኳ ሳህን ውስጥ ቀጥ ብሎ አይቆምም። እማዬ የኔ ጋ ነው የምትመጣው።"

"ያንተ ጋ? ማታ አንሶላ ብታሰጣ ጠዋት የከሰል ጆንያ በሚሆንበት?"

"ውሃ የሚረጭ መኪና በየቀኑ ይዞራል!"

"አቧራውን ጭቃ ለማድረግ!"

"ልጆች" አለች እናትየዋ።

"እሷ አንተ ጋ ከሄደች ሰው ምን ይላል? ጥፋቱ የታቹ ነው ብላ ፈረደች ይላል!"

"አንተ ጋ ከሄደችስ? የላዩ ነው ብላ ፈረደች አይልም?"

ነገሩ ለካ ይኸ ነበር። እናትየዋ አሁን ነው ቁልጭ ብሎ የታያት። ማንም ስለሷ መኝታ አልነበረም የሚከራከረው።

"በመጀመሪያ እንጨቱ ይነቀል" አለች ቀያሿ፤ እሷም ትዕግሥቷ እየሳሳ ነበር።

"ሰው በሥሩ እያለ ድጋፍ አይነቀልም" አለ ፍልፈል። "ታች ሕግ ነው። እማዬ ትውጣና እነቅላለሁ።"

"እኔ የት እንደምወጣ ሳይታወቅ አልወጣም" አለች።

"እንግዲያው እኔ ጋ…"

"እኔ ጋ ካልሆነ…"

በዚህ መሀል ከመተላለፊያው አንድ ድምፅ መጣ። ትልቅ ድምፅ አልነበረም፤ ሰው ጣቱን እንደሚያስጮህ ያህል ነው። አቧራ ንግግሩን አላቋረጠም። ፍልፈል ግን እጁን ወደ ላይ አነሣ፤ ፊቱ ላይ የነበረው ቁጣ ሁሉ በቅጽበት ጠፍቶ ሌላ ሰው ሆነ።

"ዝም!"

ዝም አሉ። ድምፁ ተደገመ፤ ከዚያ እንጨቱ ረጅም ሲቃ አሰማ።

"እንጨቱ እያወራ ነው። ውጡ። አሁን! ዕቃ አታንሡ!"

እናቱን በወገቧ አቅፎ በእንጨቶቹ መሀል እያሾለከ አወጣት። ቀያሿ መሣሪያዋን ትታ ተከተለች። አቧራ ግን "ዕቃ አታንሡ" የተባለውን ሰምቶ እንዳልሰማ የስፌት መኪናዋን አቅፎ በመስኮቱ ዘለለ፤ የዘለለውም እዚያው ራሱ በቆፈረው ቦይ ውስጥ ነበር። እስከ ወገቡ ጭቃ ውስጥ ቆሞ መኪናዋን እንደ ሕፃን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ይዟታል። ከውስጥ ግጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ የመተላለፊያው እንጨት ኮርኒሱን በሥቶ ቆርቆሮውን እንደ ድንኳን ወደ ላይ ቀሰረው። ነጭ ብናኝ በመስኮቱና በበሩ እየተግተለተለ ወጣ። ከዚያ ጸጥ አለ።

ማንም አልተጎዳም። ፍልፈል እናቱን ገና አልለቀቃትም። በዚያች አንድ ትንፋሽ ያህል ጊዜ እናትየዋ ልጆቿን ወደደቻቸው፤ ሁለቱንም፣ እኩል።

"ያ እንጨት እኮ" አለ አቧራ ከቦዩ ውስጥ፣ "ሊገድላት ነበር።"

"ቦይህ መሠረቱን ባያረጥበው መች ግድግዳው ይወርድ ነበር?"

"ጋሼ፣ እንዳትጀምረኝ!"

"የጀመርከው አንተ!"

"እኔ? ጉድጓድ ውስጥ ሆኜ መኪና ተሸክሜ?"

ቀያሿ እናትየዋን አየቻት። እናትየዋ የልጇን እጅ ከወገቧ ላይ ፈታች፤ ከፀጉሯ ላይ ብናኙን አራገፈች፤ ወደ ቦዩ አፋፍ ተራምዳ መኪናዋን ከአቧራ እጅ ተቀበለችና ደረቅ መሬት ላይ አስቀመጠቻት። ጎማዋን በእጇ አዞረች፤ ትዞራለች። ከዚያ ቀና አለች።

"በቃኝ" አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ስለዚህ ሁለቱም ሰሟት። "እናቴ እኔ ጋ፣ እናቴ እኔ ጋ እያላችሁ አንጀቴን አሳርራችሁታል። ከዛሬ ጀምሮ ማንም ስለኔ አይከራከርም። አንተ ከዚያ ጭቃ ውጣና የቀረውን እንጨት ንቀል፤ እንዴት እንደሚነቀል ወንድምህን ጠይቀህ፣ እሱ እንዳለህ እያደረግህ። አንተ ደግሞ ቦዩን ትሞላለህ፤ የቱ አፈር የት እንደሚገባ ወንድምህን ጠይቀህ። መጠየቅ የከበደው ይሂድና ቤቱ ይፍረስ፤ የኔ ነው፣ አላለቅስበትም።"

ፍልፈል አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ።

"አልጨረስኩም" አለችው፤ ወደ ቀያሿም ዞረች። "የኔ ልጅ፣ ሰው የሚለውን ይበል። ውሃ ታንከሩ አጠገብ ያለውን ቤት እኔ ወስጃለሁ፤ ብቻዬን እገባበታለሁ፤ ዛሬውኑ።"